የጌም መርማሪው

አባቴ ሥራ ያጣበትን ዓመት እኔ ጥሩ ሥራ ያገኘበት ዓመት አድርጌ ነበር የያዝኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የማያየው ነገር የለም፤ የሚገባው ግን የፈለገው ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት አባቴ አሳንሰር ይጠግን ነበር። ሌሎቹ የጠገኑትንም መርምሮ «ሰው ይውጣበት» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነበር። አብረን የሆነ ሕንፃ ስንገባ አሳንሰሩ ውስጥ ቆሞ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። «ይቺ ጤነኛ ናት» ይላል፤ ወይም «የዚህኛው ገመድ ደክሞታል፣ በደረጃ እንሂድ።» እናቴ በሰው ፊት ታፍር ነበር። እኔ ግን አባቴ ካልፈቀደ በከተማው ውስጥ አንድም ሰው ከምድር ቤት ፈቀቅ የሚል አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው፣ አንድ ካርቶን በብብቱ ይዞ መጣ። ከካርቶኑ የወጣው የጌም ማሽን ነበር፤ ጥቁር፣ አንድ ጎኑ የተጫረ፣ ሁለት ጆይስቲክ ያለው። ከሱ ጋር በፖስታ ውስጥ አንዲት የጌም መግዣ ካርድ ነበረች። እናቴ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው፤ ተራዋ ስላልደረሰ ቤት ነበረች። ማሽኑን አየች፤ ቀጥላ እሱን አየች።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለፍተህ ይኼን?» አለችው።

«ድርጅቱ አይደለም የሰጠኝ። የሥራ ጓደኞቼ ናቸው ያዋጡት።»

«እነሱስ?»

«እነሱ ወረቀት ሰጥተውኛል።»

እኔ ዕቃው አንሶባት መስሎኝ በእናቴ ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ማሽን ቤት ገብቶ ስለ ወረቀት የሚጨነቅ ሰው ምን ይባላል? አባቴን እጁን ይዤ «አሁን ሥራ አትመለስም እንዴ?» ስለው ወደ እናቴ ሰረቅ አድርጎ አየና «ከእንግዲህ ሥራዬ እዚሁ ነው። ጌም ልመረምር ነው» አለኝ። እየቀለደ ነበር። ቀልድ መሆኑን ወዲያው ሊነግረኝ አስቦም ይሆናል፤ እኔ ግን ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩበትና ሳይነግረኝ ቀረ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ «አለቃ፣ ሥራ ገብቷል» ይለኛል። አለቃ የሚለኝ በየነገሩ አቃቂር ማውጣት ስለምወድ ነው። አዲስ ጌም ከማሽኑ መደብር ወርዶ ይጠብቀናል፤ ዲስክ የለው፣ ዕቃ የለው፣ ስክሪኑ ላይ የምትታይ አንዲት ሥዕል ብቻ። ከመጀመራችን በፊት የእናቴን የኩሽና ደወል ያመጣል። የቲማቲም ቅርጽ ያላት፣ አናቷን እያዞሩ የሚሞሏት ደወል ነበረች። ከስልሳ ደቂቃ በላይ አትይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ ስልሳ ይሞላታል፤ ስትጮህ ተነሥተን ውሃ እንጠጣለን፤ ከዚያ ሃምሳ ይሞላታል። ሁለተኛ ስትጮህ የፈለገው ይምጣ፣ ጆይስቲክ ይቀመጣል። ዘንዶው አንድ ምት ቢቀረውም ይቀመጣል።

«አባዬ በናትህ! አንዴ ብቻ!»

«ደንብ ደንብ ነው፣ አለቃ።»

ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ሪፖርት ይጽፋል። በጆይስቲክ ነው የሚጽፈው፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ። የምርመራ ሪፖርት ምስጢር ስለሆነ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። በማግስቱ የጌሙ ሥዕል ላይ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥላበት አገኛለሁ። ተመርምሮ አለቀ ማለት ነው። ሌላ ይመጣል።

ሪፖርት የሚባል ነገር አልነበረም። ይኼን እናቴ የነገረችኝ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። መደብሩ ደንብ ነበረው፦ የገዛኸው ጌም ሁለት ሳምንት ካልሞላውና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክበት መመለስ ትችላለህ፤ ገንዘብህ ወደ ሒሳብህ ይገባል። ማንም ሳያነብ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ያን ረጅም ጽሑፍ አባቴ እንደ አሳንሰር መመሪያ ቁጭ ብሎ ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። የባልደረቦቹ ካርድ የምትበቃው ለአንድ ጌም ነበር፤ ከመደብሩ ውጪ ደግሞ ዳቦም አትገዛም። እሱ ያቺን አንድ ካርድ እየገዛ እየመለሰ፣ እየገዛ እየመለሰ፣ ለወራት አኖረን። አሥር ደቂቃ የሚያተርፈው ለጥንቃቄ ነው። የአሳንሰር ሰው የተጻፈውን ክብደት እስከ ጫፉ አይጭንም።

እኔ ይኼን ሁሉ ከየት አውቄ። በትምህርት ቤት አፌን ሞልቼ አወራ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ጌም ያለው ልጅ ክፍላችን ውስጥ አልነበረም። አንድ ቀን ቁንጫ የምንላት፣ አንድ ጌም ብቻ ያላትና እሱኑ ዓመት ሙሉ የምትጫወት ልጅ ጠጋ ብላ፣ «ያ ፈረሰኛው ያለበት ጌም መጨረሻው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መርማሪ መጨረሻ አያይም» አልኳት።

«ታዲያ ምኑን መረመረው?»

ቁንጫ ስሟን ያገኘችው በቁመቷ ይመስለን ነበር፤ ያን ቀን በንክሻዋም መሆኑ ገባኝ። ወደ ቤት ስሄድ ቆጠርኩ፦ ዘንዶው፣ ፈረሰኛው፣ ባቡሩ፣ የበረዶው ከተማ። የአንዱንም መጨረሻ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ የአንድ ጌም፣ የአንድ ብቻ፣ መጨረሻ ማየት።

አባቴን ጠየቅኩት። «አሳንሰር ስመረምር እላዩ ላይ እኖራለሁ እንዴ?» አለኝ። «ወጥቼ፣ ወርጄ፣ እፈርማለሁ። አለቀ።»

በዚያው ሰሞን ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ እናቴን ኮሪደሩ ላይ አቆመቻት። ለአፏ ለከት የሌላት ሴት ነበረች። «ባልሽ ሲያንኮራፋ እኮ እኔ ቤት ብርጭቆ ይንጫጫል! አሁንማ በቀንም ጀመረ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ» ብላ ሳቀች። እኔ መሃላቸው ገብቼ «አባዬ ሥራ አልፈታም! ጌም መርማሪ ነው!» አልኩ። ሴትየዋ ሳቋን አቆመች። እናቴ እጄን ጎትታ ቤት አስገባችኝና ንጹሑን ድስት እንደገና ማጠብ ጀመረች።

አባቴ ከገበያ ሲመለስ ኩሽና ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

«ልጅቷን ግማሽ ነገር አታስለምዳት። ንገራት።»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ? ጉድጓድ ከገባህ በኋላ?»

«ትንሽ ትቆይ። በናትሽ፣ ትንሽ ትቆይ።»

የጌሞቹን መጨረሻ አውቀው የደበቁኝ መሰለኝ። ጉድጓድ ያለበት ጌም የትኛው እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ።

እሁድ ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እናቴ ተረኛ ስለነበረች ሥራ ሄዳለች። አባቴ ማሽኑን ከፍቶ፣ ሁልጊዜ እሱ የሚመርጠውን፣ «ዛሬ አንቺ ምረጪ» አለኝ። ብዙ ሥዕል አሳለፍኩና ፋኖስ የያዘች ልጅ ያለችበት ላይ ቆምኩ። መብራት በጠፋበት ረጅም ሕንፃ ውስጥ ፎቅ በፎቅ የምትወጣ ልጅ ናት። በየፎቁ በር አለ፣ በየበሩ የሚፈታ ነገር አለ። አባቴ የተበላሸውን አሳንሰር ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። «ምነው ሰው ቢጠሩ! እኔ አለሁ አይደል እንዴ!»

የመጀመሪያውን ሰዓት አብረን ወጣን። እሱ በሮቹን ይፈታል፣ እኔ ልጅቷን እነዳለሁ። ቲማቲሟ ጮኸች፤ ውሃ ጠጣን። ሃምሳ ሞላትና ሶፋው ክንድ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ከኋላዬ ጋደም አለ፤ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋው። «ደክሞኛል፣ አለቃ። ስትጮህ ቀስቅሺኝ።»

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ሕንፃው አሥራ ሦስት ፎቅ አለው። ዞር ብዬ አየሁት፤ ደረቱ ዝግ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ደወሏን አነሣሁ። እጄ ላይ ትክ ትክ ትላለች። ቀስ ብዬ ተነሣሁና እናቴ ለመተኮስ ባስቀመጠችው የአንሶላ ክምር መሃል ቀበርኳት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነስኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እንደዚያ ቀን ፈርቼም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም አላውቅም። ሃምሳው ደቂቃ አለፈ፤ ከአንሶላው ውስጥ የታፈነች ትንሽ ጩኸት ሰማሁ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ሰባተኛ፣ ስምንተኛ። በአንድ በር ላይ ብዙ ቆየሁ፤ አባቴ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጊዜ ይፈታው ነበር። ቤቱ ፀጥ ያለ ነበር። ከመስኮቱ ዝናብ በቀር ምንም አይሰማም። አንዴ ብቻ ሶፋው ሲጥ አለ፤ ዞር ስል ግን ኮፍያው እዚያው ነው። እንዳይነቃ ጸለይኩ። ሙሉ ልቤን ሰጥቼ፣ አባዬ እንዳይነቃ ብዬ ጸለይኩ።

አሥራ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ልጅቷ ገባች። አልጋ የለ፣ ሰው የለ፤ አንድ መስኮት ብቻ። ፋኖሷን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከታች በከተማው መስኮቶች አንድ በአንድ መብራት እየበራ ሄደ፤ ከዚያ የጌሙ ሠሪዎች ስሞች መውጣት ጀመሩ። ይኼው ነው? አልኩ። የዚህ ሁሉ ልፋት መጨረሻ ይኼ ነው?

ጌሙን ዘግቼ ወደ ሥዕሎቹ ተመለስኩ፤ ደወሏን ከአንሶላው አውጥቼ ቦታዋ መለስኳት። አባቴን በትከሻው ነቀነቅኩት። «አባዬ፣ ጮኸች።»

ቶሎ ተነሣ። ዓይኑን አሸና «ጮኸች እንዴ? አልሰማኋትም» አለ። ሪፖርቱን ለመጻፍ ጆይስቲኩን ያዘ፤ ስክሪኑን ብዙ አየው፤ ምንም ሳይጽፍ ማሽኑን አጠፋው። «ሪፖርቱ ነገ ይደርሳል» አለኝ።

በማግስቱ ሪፖርት የለም፤ ሻንጣ ነው የወጣው። ሩቅ ቦታ፣ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ያለ አሳንሰር ሊጠግን ነው። «እስካሁን ሰው ወደ ላይ ሳወጣ ነበር፤ አሁን ደግሞ ወደ ታች ላውርድ» አለ። እናቴ አልሳቀችም። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኝ ነበር፦ ደርሰውበታል። ደንብ መጣሱ ታውቆ ከምርመራ ሥራው ተባሯል፤ ያባረርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት ሲሄድ አውቶቡሱ ጋ አቅፎኝ «አለቃ፣ ቤቱን አደራ» ሲለኝ አንገቴን አቀርቅሬ ጫማውን ነበር የማየው። ፊቱን አላየሁትም።

ከሄደ በኋላ ማሽኑን አንዴ ከፈትኩት። ሥዕሎቹ ሁሉ ቁልፍ አለባቸው፤ የፋኖሷ ልጅ ላይ ብቻ የለም። እንደ ማስረጃ ተቀምጣ ታየኛለች። ዳግመኛ አልነካሁትም፤ እናቴም ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው።

እሁድ እሁድ ይደውል ነበር። መስመሩ መጥፎ ነው፤ ስንናገር የራሳችን ድምፅ ተመልሶ ይመጣብናል። አንድ እሁድ ስለ ትምህርቴ ከጠየቀኝ በኋላ፣ «አለቃ፣ ያቺ ፋኖስ የያዘችው ልጅ እላይ ደረሰች እንዴ?» አለኝ።

ሊያናዝዘኝ መሰለኝ።

«አላውቅም። ደወሏ ጮኸች አላልኩህም?»

«እህ» አለ። «ልክ ነሽ። ደንብ ደንብ ነው።»

በሁለተኛው ዓመት አንድ እሁድ ስልኩ ሳይጮህ ዋለ። ማክሰኞ ሁለት ሰዎች መጡ። አልጋው ላይ እንደተኛ ልቡ ቆሞ ነው ያገኙት፤ ጉድጓዱ አይደለም የገደለው አሉ፣ ይኼ እንደ ማጽናኛ ሆኖ።

እናቴ የመደብሩን ነገር ስትነግረኝ ጥፋቴ ቅርጹን ቀየረ እንጂ አልለቀቀኝም። አባቴ የማዕድኑን ሥራ ለወራት እምቢ ሲል እንደቆየም የነገረችኝ ያኔ ነው። ስለዚህ በራሴ ደመደምኩ፦ እኔ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለተጫወትኩ መደብሩ ገንዘቡን አልመልስም አለ፤ ያቺ አንዲት ካርድ እኔው እጅ ላይ ሞተች፤ እሱም ቤት የሚያቆየው ነገር ሲያጣ ሄደ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ባለፈው ወር እናቴን ወደ እኔ ቤት ሳመጣ ካርቶኑን አገኘሁት። ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል፣ በዚያ የአሳንሰር መዝገብ በሚጽፍበት ቀጥ ያለ እጁ፣ የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ጽፏል። የይለፍ ቃሉ አለቃ የሚለው ስሜና የተወለድኩበት ዓመት ነበር። ይከፈታል ብዬ አይደለም የሞከርኩት፤ ተከፈተ።

ሪፖርቶቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ። መደብሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ማረጋገጫ ሲልክ የተጻፈውን ምክንያት ከሥሩ ያያይዘዋል። «ለምን ይመልሳሉ?» ለሚለው ጥያቄ ሌላ ሰው አንድ ቃል ይጽፍ ይሆናል፤ ወይም ባዶውን ይተወዋል። አባቴ ግን ጽፏል።

«ልጄ ዘንዶውን ፈርታለች።»

«ፈረሱ ሲወድቅ አለቀሰች። ጌሙ ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።»

«ይኼ ለአንድ ሰው ነው። እኛ ሁለት ነን።»

«ባቡሩ ፍሬኑ ትክክል አይደለም፣ ብታዩት።»

«ምክንያት የለኝም። ይቅርታ።»

እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ ወደ ታች ወረድኩ። ከዚያ የመደብሩ ደብዳቤ መጣ። «በተደጋጋሚ ስለመለሱ ከዛሬ ጀምሮ የሚገዙት ጌም ገንዘቡ አይመለስም» ይላል። ቀኑን አየሁት። ከዚያ እሁድ አሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው። ከሥሩ የማዕድን ድርጅቱ መልእክት አለ፤ መቀጠሩን የሚያረጋግጥ፣ ዓርብ የተላከ። የፋኖሷ ልጅ ግዢ እሁድ ነው። ከሱ በኋላ አንድም የመመለስ ጥያቄ የለም። አባቴ እንድትመለስለት ጠይቆ አያውቅም።

የመጨረሻዋ መሆኗን ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ምረጪ ያለኝ። ደወሏን የሞላት ለእኔ ነው፤ የመጨረሻ መሆኑን እንዳላውቅ፣ ሥራው እንደቀጠለ እንዲመስለኝ። ከዚያ ደንቡን እሱ ራሱ ሳይሽር እኔ እንድጨርስ ዓይኑን ሸፈነልኝ።

ይኼን እያሰብኩ እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ሶፋ ላይ ስታንኮራፋ ሰማኋት። ተነሥቼ ቆምኩ። የአባቴ ማንኮራፋት የጎረቤት ብርጭቆ ያንጫጫ ነበር። በዚያ እሁድ ግን ከዝናቡ በቀር ምንም አልሰማሁም።

ከሁለት ሰዓት በላይ ነቅቶ ተጋድሟል። ሳይገላበጥ፣ ሳይስል፣ ያቺ የተቆለፈች በር ላይ ስንገላታ እያዳመጠኝ፣ ከኋላዬ አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ። እሱ እኔ እንድጨርስ፣ እኔ እሱ እንዳይነቃ። ዞር ብዬ «አባዬ፣ ተነሥ፣ እንጨርሰው» ብለው ኖሮ ከአፌ ሳይወጣ ይነሣ ነበር። ለሁለታችንም የቀረችን ያቺ ብቻ ነበረች፤ ለየብቻ ጨረስናት።

መጨረሻውንም አላየውም። ዓይኑ ኮፍያ ሥር ነበር፣ ድምፁን እኔው አጥፍቼዋለሁ። ሊያናዝዘኝ አልነበረም የደወለው። ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ፣ በዚያ መጥፎ መስመር።

ደርሳለች፣ አባዬ። እላይ ግን ማንም አልነበረም።